ሞራ አምጪልኝ

እሑድ፣ ዩሊ 5

እማዬ ገላዋን ከታጠበች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ሙቀቱ ግድግዳውን ሳይቀር ያልበዋል። ማዝጋኑን፣ አየር ማቀዝቀዣውን፣ እከፍታለሁ፣ ትዘጋዋለች። እከፍታለሁ፣ ትዘጋዋለች። "ብርዱ አጥንቴ ገባ" ትላለች። ሰው በዩሊ፣ በአሽቀሎን፣ በርዶት ያውቃል?

ጠዋት ከኩፓት ኾሊም፣ ከሰፈሩ ክሊኒክ፣ ነርሷ መጣች። እግሯን አየች፣ ብብቷን አየች፣ ከጡቷ ሥር ያለውን ቅላት አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ማን ነው የሚያጥባት?" አለችኝ።

"እኔ።"

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"ቤት አቮት ነው የምሠራው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አጥባለሁ።"

ወረቀቷ ላይ ጻፈች። ባትመልስም ሰማኋት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ስድስት የሰው እናትና አባት አጥቤ፣ ቀብቼ፣ አበጥሬ ቁርስ ላይ አስቀምጣለሁ። የራሴ እናት ትሸታለች።

ኦጉስት 13 ከከተማው ሶሲያሊቷ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ፣ ትመጣለች። እማዬን እንዲህ ሆና ካገኘቻት "ቤት ውስጥ መኖር አትችልም" ብላ ትጽፋለች። ወንድሜ አዳሙ ናታንያ፣ ከቤቱ አጠገብ፣ ቤት አቮት፣ መጦሪያ ማለት ነው፣ ቦታ አግኝቶላታል። "እታለም፣ ንጹሕ ነው፣ በመስኮት ባሕር ይታያል" ይለኛል። የእኛም ቤት አቮት ባሕር ይታይበታል። አንድም ቀን ባሕሩን ሲያዩ አላየሁም፤ በሩን ነው የሚያዩት። እማዬ በግንቦት ከወደቀች በኋላ እጄን ይዛ "ወደዚያ አትውሰጂኝ" አለችኝ፣ እኔም በኦሪት ምዬላታለሁ።

ያኔ ከከተማው መታፔሌት፣ ተንከባካቢ፣ እንላክላችሁ፣ በሳምንት ሦስት ቀን መጥታ ታጥባት ብለውኝ ነበር። መልሼ ሰደድኋቸው። እኔ እያለሁ ባዳ እናቴን ሊያጥብ? ሥራዬ ይሄ ሆኖ? ሰው ምን ይላል?

ዛሬ ማታ "እማዬ፣ ምንድን ነው ያስጠላሽ?" ብዬ ለመንኋት። የሱቁን ሳሙና አንስታ አሸተተችና "ይሄ ሳሙና ነው? ይሄ ሽቶ ነው። እኛ አገራችን ሳለን ውሃ ውሃ ነበር የምንሸተው" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ከመታጠባችን ብዛት ውሃ ውሃ ይሸታሉ ይሉን ነበር ሲሰድቡን።

ስለዚህ ችግሩ ሳሙናው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ሳሙና ይሠራል።


ማክሰኞ፣ ዩሊ 7

ዩቱብ ላይ አንዲት ሴት ዘይት፣ ውሃና ሶዳ ቀላቅላ በሃያ ደቂቃ ሳሙና ሠራች። ፈገግ እንዳለች። ሱቅ ሄጄ "ሶዳ" አልሁ፤ ልጁ የሚጠጣ ሶዳ አመጣልኝ። "ዱቄቱን" ብለው የኬኩን ሰጠኝ። እኔስ ምን አውቄ፣ ይዤ መጣሁ።

ከወይራ ዘይት ጋር አንድ ሰዓት አማሰልሁት። ዘይት ነበረ፣ ዘይት ሆኖ ቀረ። እማዬ ከወንበሯ አሻግራ አየችና "ሰላጣው የት አለ?" አለችኝ።


ሐሙስ፣ ዩሊ 9

ትክክለኛው ሶዳ ቧንቧ መክፈቻ የሚሸጡበት ነው ያለው። ካውስቲት ይሉታል። ዕቃው ላይ የራስ ቅል ተሥሏል።

በእማዬ የአልሙኒየም ድስት አደረግሁት። ጨሰ። ፈላ። ድስቱ ጠቆረ፣ እኔ ሳልሁ፣ መስኮት ከፈትሁ። አውራ ጣቴ ተቃጠለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝ።

እማዬ ዛሬም አልታጠበችም።


ቅዳሜ፣ ዩሊ 11፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ትናንት ሰንበት ሳይገባ ሦስተኛውን ሞከርሁ። በብረት ድስት፣ በጓንት፣ መስኮቱን ከፍቼ። የወተት ካርቶን ውስጥ አፈሰስሁት። አሁን ካርቶኑን ስቀደው ነጭ፣ ጥንክር ያለ ሳሙና! ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ እንደ ሕፃን ሮጬ ለእማዬ አሳየኋት።

አሸተተችው። በጥፍሯ ፋቀችው። ከዚያ ሳልደርስባት በምላሷ ጫፍ ላሰችው! ጮህሁ። እሷ ግን ፊቷን ቋጠር አድርጋ "ሞራ የለውም" አለች።

"የምን ሞራ?"

"እናቴ በሬ ሲታረድ ሞራውን አቅልጣ በአመድ ውሃ ነበር የምትቀቅለው። ለልብስ እንዶድ፣ ለገላ የሞራ ሳሙና። እኔንም፣ እህቶቼንም በሱ ነው ያጠበችን። አንቺንም በሱ አጥቤሻለሁ። በእነዚህ እጆቼ።"

ይህን ብላ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ ጊዜ አየቻቸው። እኔም አየሁ፤ ጥፍሯ አድጓል። "ነገ ጥፍርሽን እቆርጥልሻለሁ" አልኋት። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተቻቸው። ደግ ነገር ተናግሬ እንኳ ታኮርፈኛለች።

ለማንኛውም መላው ተገኘ፤ ሞራ ነው የጎደለው። ልጄ ነታ ቴል አቪቭ ነው የምትማረው፣ ማክሰኞ ትመጣለች። በድምፅ መልእክት ላክሁላት፦ "ነታዬ፣ ለሳሙናው ሞራ ያስፈልገኛል። ጥሩ ሞራ ካገኘሽ ይዘሽልኝ ነይ።" ወዲያው "ሴዴር ኢማ" ብላ መለሰች፤ እሺ እናቴ ማለቷ ነው። በአማርኛ ጠይቄ በዕብራይስጥ ነው የምትመልስልኝ፣ ግን እሺ ካለች እሺ ናት።


እሑድ፣ ዩሊ 12

ሥራ ላይ ሳለሁ ነታ "ምን ዓይነት ሞራ?" ብላ ጠየቀችኝ። በጥድፊያ መለስሁላት፦ "ነጭና ወፍራም ይሁን። ቀይ ያለበት አልፈልግም። የቆየም አይሁን፣ ይሸታል።"

"ኢማ!!! እንዲህ አይባልም!" አለችኝ።

ምኑ ነው የማይባለው? ሥጋ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያ ሲነሣ ያደጉ ልጆች ሞራ ሲባል ያፍራሉ። "ልትነግሪኝ ነው?" ብዬ ዘጋሁት።

ዛሬ ቀኑ ራሱ ጠማማ ነበር። አቶ ጦቢያ የሚባል የሰማንያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ አለኝ። ሴት ልጁ ከኃይፋ መጥታ ዛሬ እኔ ላጥበው አለች። አባትየው ኮሪደሩ እስኪናወጥ ጮኸ። "አስናቀች ትምጣ! አስናቀች!" ስገባ ጸጥ አለ፣ እጁንም ራሱ አነሣልኝ። ልጅየው ውጭ ቆማ ታለቅሳለች። "አይዞሽ፣ ዛሬ ቀኑ አይደለም፣ እርጅና ጠባይ ይለውጣል" አልኋት። ምን ልበላት ሌላ?

ቤት ስገባ እማዬን "ተነሺ እንታጠብ" አልኋት። "ነገ" አለች። አሥራ ዘጠነኛው ቀን።


ማክሰኞ፣ ዩሊ 14

በር ተንኳኳ። ከፈትሁ። ነታ ቆማለች፣ ከኋላዋ አንዲት ሴት አለች። ነጭ። ወፍራም። ከንፈሯ ቀይ። በሁለት እጇ ሁለት ከረጢት።

"ኢማ፣ ሞራ!" አለች ነታ።

ከረጢቶቹን አየሁ። "ሞራው የታለ?"

"ይኸው ሞራ! ኦሽራት ትባላለች!"

ያኔ ገባኝ። በዕብራይስጥ ሞራ ማለት ሴት አስተማሪ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በዚህ አገር ኖሬ፣ ስንት የነታን ሞራ ስብሰባ ተሰብስቤ፣ አልመጣልኝም። የበሬ ሞራ አምጪልኝ ብል ልጄ አስተማሪ አመጣችልኝ። ይባስ ብሎ ነጭና ወፍራም አስተማሪ፣ እናቷ እንዳዘዘችው! ነታ ጆሮዬ ሥር "ቀይ ከንፈሯን ታጥፋው እንዴ?" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሳቅሁ ብል ውሸት ነው። ተናድጄ ነበር። ኦሽራት መትናሱ፣ የሰፈሩ ማኅበራዊ ማእከል፣ ውስጥ የእጅ ሥራ ታስተምራለች፤ አሁን መልሼ እንዳልሰዳት ሽርጧን አገልድማለች። ለእማዬ ጉዳዩን አስረዳኋት። ከፋሲካ ወዲህ ስቃ አታውቅም፤ ዛሬ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ኦሽራትን ከላይ እስከ ታች አይታ "ይቺም አላነሰች፤ ብትቀልጥ ሦስት ድስት ይወጣታል" አለች።

"ሳቭታ ምን አለች?" አለችኝ ኦሽራት፤ አያት ማለቷ ነው።

"እንኳን ደህና መጣሽ አለች" አልኋት።

ኦሽራት ያገኘችውን ሁሉ ትነካለች፣ ሳትጠይቅ መሳቢያ ትከፍታለች፣ ሁሉን ሰው "ነሻማ"፣ ነፍሴ፣ ትላለች። ሚዛን ይዛ መጥታለች። "አንቺ በዓይንሽ ነው የምትመዝኚው፣ ሶዳ በዓይን አይመዘንም" ብላ በገዛ ኩሽናዬ ተቆጣችኝ። በየማክሰኞው እንደምትመጣም ራሷ ወሰነች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አልሁ።


ዓርብ፣ ዩሊ 17

ሞራውን ራሴ ገዛሁ። ሥጋ ሻጩ ጊዲ "ይሄ ለመብላት በኦሪት የተከለከለ ነው፣ ታውቂያለሽ?" አለኝ። "ለሳሙና ነው" አልሁት። "ለሳሙና?" ብሎ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ጠርቶ ወደ እኔ ጠቆመ።

አቀለጥሁት፣ አጠለልሁት። ሽታው ደረጃው ላይ ወርዶ ሊፍት ውስጥ ገባ። የሦስተኛ ፎቅ ሴትዮ አንኳኩታ "ምን ሞቶባችሁ ነው?" አለችኝ።

ጊዜ የለም። ሰንበት ሊገባ ነው።


ማክሰኞ፣ ዩሊ 21

ኦሽራት ሞራውን ስታይ አፍንጫዋን ያዘች። መዘነችው ግን። ሳሙና ተሠርቶ እስኪበርድ፣ ሶዳው እስኪሞት፣ አራት ሳምንት ይቀመጣል አለች። በጣቴ ቆጠርሁ። ኦጉስት 18። ሶሲያሊቷ 13 ነው የምትመጣው። ማማሰያውን አስቀምጬ ወንበር ላይ ዝርግት አልሁ።

"እንዲህማ ከሆነ እሳት ላይ እንቀቅለዋለን" አለች ኦሽራት። "ሲቀቀል ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።"

ሦስት ሰዓት አማሰልን። መጀመሪያ እንደ አጥሚት ሆነ፣ ከዚያ እንደ ገንፎ። እማዬ ወንበሯን አስጠግታ "አማስይው! ከሥር ይይዛል! አንቺ ነጯ፣ እጅሽን አታሳርፊ!" ትላለች። ኦሽራት "ኬን ሳቭታ፣ ኬን" እያለች ታማስላለች፤ አዎ አያቴ፣ አዎ ማለቷ ነው። አንድ ቃል አይግባቡም። ላስተርጉም ብል ሁለቱም ተሳስተሻል ይሉኛል። በኋላ ጭራሽ ዝም አልሁ፣ እነሱ ግን ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ነታ ደግሞ "ኢማ፣ ባሕሩ ዳር፣ ማሪና ወስደን እንሸጠዋለን፣ የሳቭታን ፎቶ እንለጥፍበታለን" ትላለች። ሁሉም ሐሳብ አለው።

ሲጨርሱ ኦሽራት ከድስቱ ዳር የቀረውን ፋቅ አድርጋ የእማዬን እጅ ቧንቧ ሥር አጠበችው፣ ጣት በጣት። እማዬ እጇን ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቆመች። እጅ ብቻ ነው። እጅማ ማን አይታጠብም።


ቅዳሜ፣ ዩሊ 25፣ ሰንበት ከወጣ በኋላ

ይህን መጻፍ አልፈልግም ነበር።

ትናንት ሰንበት ሳይገባ ላጥባት ብዬ ተነሣሁ። የሞራው ሳሙና ገና ነው፤ የወይራውን ያዝሁ። እኔ ሥራውን አውቀዋለሁ። ወንበሩን አስገባሁ፣ ውሃውን በክንዴ ለካሁ፣ ፎጣውን አሞቅሁ። ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ ከእግር መጀመር፣ የማይታጠበውን መሸፈን። ለአዲሶቹ ሠራተኞች ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ።

እማዬ የመታጠቢያ ቤቱን የበር መቃን ያዘች። "እምቢ።" ቀስ ብዬ ጣቷን አላቀቅሁ፤ በሌላኛው እጇ ያዘች። ሳብኋት። የእናቴን እጅ ሳብሁ። "እምቢ አልሁሽ እኮ!" አለች። እኔም "ትሸቻለሽ፣ እማዬ! ትሸቻለሽ!" ብዬ ጮህሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ሕንፃው ሁሉ ሰማ።

እማዬ ሄዳ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። የሰንበትን እራት አልበላችም። ዛሬም ቀኑን ሙሉ በእጅ ምልክት ነው የመለሰችልኝ።

ምላሴ ይቆረጥ። የነከሱኝ አሉ፣ ፊቴ ላይ የተፉ አሉ፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። በእሷ ላይ ብቻ ምን ነካኝ? አንዴ አይደለም ያሰብሁት። የቸኮልሁት እኔ ነኝ። የወይራውን እንደማትወደው እያወቅሁ እሱን ይዤ ሄድሁ። የሞራው እስኪደርስ መታገሥ ነበረብኝ።


ረቡዕ፣ ዩሊ 29

አዳሙ ደወለ።

"ታጠበች?"

"ትታጠባለች።"

"እታለም፣ ሥራሽ ይሄ ሆኖ ካቃተሽ፣ እንግዲህ ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል?"

ቁስል ላይ እንጨት መስደድ ይሉሃል ይሄ ነው። ወረቀቶቹን ሞልቷል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። በ13 መኪናውን ይዞ ይመጣል። "ሻንጣ አዘጋጂላት" አለኝ። እማዬ ከጎኔ ተቀምጣ ስለነበር "እሺ፣ ምስር እገዛለሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

"ምስር አለን እኮ" አለች እማዬ።


ማክሰኞ፣ ኦጉስት 4

ዛሬ ሳሙናው ሁለት ሳምንቱን ሞላ። ኦሽራት ልጇ ስላመማት ቀርታለች፤ ብቻዬን ነው የቆረጥሁት። የቅቤ ቀለም አለው፣ ጠንካራ ነው፣ ምንም አይሸትም ማለት ይቻላል። ለእማዬ ሰጠኋት።

አሸተተችው። እንደገና አሸተተችው። "የእናቴ ነው" አለችና ሳመችው።

አሸነፍሁ! እየሮጥሁ ውሃ ከፈትሁ፣ ወንበሩን አስገባሁ፣ ፎጣ አመጣሁ። "ነይ በይ፣ እማዬ፣ ነይ!"

"ነገ" አለች።

"ሳሙናው ይኸውልሽ አይደለም እንዴ?"

"ሳሙናውማ ጥሩ ነው" አለችና ጉያዋ ውስጥ ከተተችው።

ውሃው እየፈሰሰ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ። ሳሙናውማ ጥሩ ነው። አንድ ወር ሙሉ በሶዳ የተቃጠልሁት፣ ድስት ያበላሸሁት፣ ሕንፃውን በሞራ ያገማሁት ለምን ነበር? ሳሙናው ካልሆነ ምንድን ነው? እኔ ነኝ? ምን አደረግኋት እኔ?


እሑድ፣ ኦጉስት 9

አራት ቀን ቀረው። ምንም የለም። ትናንት በጨርቅ አንገቷን ልጥረግ ብዬ እጄን መለሰችው።

ሥራ ላይ አቶ ጦቢያን ጀርባውን እያደረቅሁ ሳለ ጠየቅሁት። "ልጅህ እንድታጥብህ ለምን አትፈቅድም? ከእኔ አትሻልም?"

"ልጄ ናት እኮ" አለኝ፣ ነገር ለማይገባው ሰው እንደሚነገር አድርጎ።

"ልጅህ ብትሆንስ?"

"ፎጣውን ስጪኝ" አለ።

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ ተናድጄ መጣሁ። በማን እንደተናደድሁ አላውቅም።


ማክሰኞ፣ ኦጉስት 11

ኦሽራት ከነከረጢቷ መጣች። ዛሬ ላቫንዳ አበባ ጨምረን እንሠራለን እያለች ሽርጧን ስታስር ኮሪደሩ ላይ አስቆምኋት። ለስንት ሰው "እኔ እያለሁ" ብያለሁ።

"ኦሽራት፣ እናቴን ታጥቢልኛለሽ?"

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ቀለበቶቿን አውልቃ መዳፌ ላይ አስቀመጠቻቸው።

እማዬ እሷን አየች፣ እኔን አየች። ከጉያዋ ሳሙናውን አውጥታ ለኦሽራት ሰጠቻት። ለእኔ "አንቺ ውጪ" አለችኝ። ወጣሁ። በሩ ተዘጋ።

ፎጣውን ይዤ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀመጥሁ። ውሃው ሲከፈት ሰማሁ። ወንበሩ ሲንሸራተት። ኦሽራት ስትዘፍን፣ ደግሞ እንዴት ያለ መጥፎ ድምፅ ነው ያላት። ከዚያ እማዬ ማውራት ጀመረች። አርባ ዘጠኝ ቀን ሙሉ "ነገ" ብቻ ስትለኝ የከረመች ሴት፣ አንዲት የአማርኛ ቃል ለማታውቅ ሴት፣ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

"ልጄ ጥሩ ልጅ ናት። ቁጡ ናት እንጂ ጥሩ ናት። ከወደቅሁ ወዲህ ታበላኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ ኪኒኔን ቆጥራ ትሰጠኛለች፣ ጥፍሬን ልቁረጥ ትላለች። ገላዬንም ካጠበችኝማ ምን ተረፈኝ? ልጇ ሆንሁ ማለት ነው። አባቷ ሞቷል። እኔም ልጇ ከሆንሁ፣ ያለ እናት ልትቀር ነው። ገና ነው። ትንሽ ትቆይ።"

"ኬን፣ ሳቭታ፣ ኬን" አለች ኦሽራት።

ፎጣውን አፌ ውስጥ ጨምሬ አለቀስሁ። ድምፄን እንዳይሰሙ። እኔ እኮ የምከባከባት መስሎኝ ነበር። በየቀኑ አንድ አንድ ነገር ከእጇ ስወስድባት ነው የከረምሁት፣ ደስ ብሎኝ፣ ሥራ አወቅሁ ብዬ።

ስትወጣ ፊቷ ያበራል። ኦሽራት ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ውሃ ሆናለች። እማዬ አጠገቤ ቆማ ቁልቁል አየችኝና "መሬት ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ወገብሽን ይበርድሻል። ተነሺ" አለችኝ።


ሐሙስ፣ ኦጉስት 13

ሶሲያሊቷ መጥታ ሄደች። የእማዬን ቆዳ አየች፣ ቅላቱ ደርቋል። ዛሬም ጠዋት ኦሽራት ሥራዋን አስፈቅዳ መጥታ አጥባታለች። "ማን ነው የሚያጥባት?" ስትለኝ "ሌላ ሰው" አልሁ። ማለት የሚከብድ መስሎኝ ነበር። ደውዬ ያቺን በግንቦት የመለስኋትን መታፔሌት ጠይቄአለሁ፤ ከእሑድ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ትመጣለች። "የምታውቀን ሰው አትሁን፣ ባዳ ትሁን" ብዬ ለመንኋቸው። ስልኩን ያነሣችው ልጅ ግር አላት።

ቤት ትቆይ ተብሎ ተጻፈ። አዳሙ ያዘጋጀሁትን ሻንጣ ፈልጎ ዙሪያውን አየ። አላዘጋጀሁም ነበር። ምሳ በልቶ፣ ሁለት ሳሙና በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ብቻውን ወደ ናታንያ ተመለሰ። ሲወጣ "እታለም፣ እንዴት እሺ አሰኘሻት?" አለኝ። "አላሰኘኋትም" አልሁት።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሳህን ሳጥብ እማዬ ከኋላዬ መጥታ ፀጉሬን አሸተተች።

"ሞራ ሞራ ትሸቻለሽ።"

"ወር ሙሉ ሳቀልጥ ከርሜ ምን ልሽተት?"

"ሳሙናውን አምጪ።"

"እማዬ፣ ተይኝ ደክሞኛል፣ ነገ እታጠባለሁ።"

"የምን ነገ? አምጪ አልሁሽ።" ወንበሯን ወደ መታጠቢያው አስጠጋች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ቧንቧውን ከፍታ ውሃውን በክንዷ ለካችው። ልርዳሽ ልላት አፌ ድረስ ደርሶ ተውሁት።

"ራስሽን ዝቅ አድርጊ።"

"እኔ እኮ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ!"

"ዝቅ አድርጊ አልሁሽ።"

ዝቅ አደረግሁ።